የተዋጊ ፍልሚያ ሚዛን

የፍልሚያ ሚዛን በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች የጨዋታው መሪ ለተጫዋቾች የሚያቀርበውን ውጊያ ከገጸ ባሕርያቱ አቅም ጋር የሚያመጣጥንበት ሥራ ነው። ጠላቱ ከልክ በላይ ከበረታ ገጸ ባሕርያቱ ያልቃሉ፤ ከልክ በላይ ከደከመ ደግሞ ዳይስ መጣሉ ትርጉም ያጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ማግኘት «ተዋጊ» የሚባለው የገጸ ባሕርይ መደብ በቡድኑ ውስጥ ሲኖር የራሱ ችግር አለው። ተዋጊው ከባልደረቦቹ ይልቅ ለመመታት የሚያስቸግር፣ ብዙ የሕይወት ነጥብ ያለውና ኃይሉ ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ነው። እርሱን የሚፈትን ጠላት አጠገቡ የቆመውን አስማተኛ በአንድ ምት ሊጥል ይችላል።

ይህ መጣጥፍ በዋናነት የሚመለከተው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የአሜሪካ ጨዋታ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን አምስተኛ እትም ነው።

የጨዋታው አካሄድ

በሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይገልጻል፣ ጭራቆቹንና ሌሎቹን ሰዎች ሁሉ ያጫውታል፣ ሕጉንም ይዳኛል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጊት በዳይስ ይወሰናል። በውጊያ ጊዜ አጥቂው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ በወጣው ቁጥር ላይ የማጥቂያ ጭማሪውን ይደምራል። ድምሩ ከተጠቂው የመከላከያ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ምቱ ያርፋል፤ ከዚያም በሌላ ዳይስ የጉዳቱ መጠን ወጥቶ ከተጠቂው የሕይወት ነጥብ ላይ ይቀነሳል።

በአምስተኛው እትም የሕይወት ነጥቡ ወደ ዜሮ የወረደ ገጸ ባሕርይ ወዲያው አይሞትም። ራሱን ስቶ ይወድቅና በየተራው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል። 10 እና ከዚያ በላይ እንደ ስኬት፣ ከዚያ በታች እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ሦስት ስኬት ሕይወቱን ያተርፋል፤ ሦስት ውድቀት ግን ሞት ነው። የገጸ ባሕርይ ሞት ለወራት ምናልባትም ለዓመታት የተገነባ ታሪክ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የፍልሚያ ሚዛን በተጫዋቾች ዘንድ ከተራ ስሌት በላይ ክብደት የሚሰጠው ጉዳይ ነው።

ተዋጊው

ተዋጊ በጦር መሣሪያና በጥሩር የሚተማመን መደብ ነው። በአምስተኛው እትም የሕይወት ነጥቡ የሚወሰነው በባለ 10 ገጽ ዳይስ ሲሆን፣ የአስማተኛው በባለ 6 ገጽ ነው። ማንኛውንም ጥሩርና ጋሻ መልበስ ይችላል። የሰንሰለት ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘ ጀማሪ ተዋጊ የመከላከያ ቁጥሩ 18 ይሆናል፤ ጥሩር የማይለብስ አስማተኛ ግን ብዙ ጊዜ ከ12 ወይም 13 አያልፍም።

የመደቡ ዋና ችሎታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ በውጊያ መካከል ትንፋሹን ሰብስቦ በባለ 10 ገጽ ዳይስ ላይ ደረጃውን በመደመር የሕይወት ነጥብ ይመልሳል።
- ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ በአንድ ተራ ተጨማሪ ድርጊት መፈጸም ይችላል። ይህም ከአጭር ዕረፍት በኋላ ይታደሳል።
- በ5ኛ ደረጃ በአንድ ድርጊት ሁለት ጊዜ፣ በ11ኛ ሦስት ጊዜ፣ በ20ኛ አራት ጊዜ ይመታል።
- ከ9ኛ ደረጃ ጀምሮ ያልተሳካለትን የመቋቋሚያ ዕጣ ደግሞ መጣል ይችላል።

ከእነዚህ መካከል ለመሪው ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በ5ኛ ደረጃ ነው። ሰይፍና ጋሻ የያዘ፣ የጥንካሬው መጠን 18 የሆነና ባለ አንድ እጅ መሣሪያ የተካነ ተዋጊ የመከላከያ ቁጥሩ 15 በሆነ ጠላት ላይ በ4ኛ ደረጃ በአማካይ በዙር 6.5 ያህል ጉዳት ያደርሳል። በ5ኛ ደረጃ ይኸው ቁጥር ወደ 14 ያድጋል። በመሆኑም በ4ኛ ደረጃ ከባድ የነበረ ፍልሚያ ከአንድ ደረጃ በኋላ ቀላል ሊሆን ይችላል።

ታሪክ

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። መነሻው በጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የወታደር ቅርጾች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። በመጀመሪያው እትም የነበሩት መደቦች ሦስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ናቸው።

በዚያን ዘመን መሪው ፍልሚያን ለተጫዋቾች ልክ ይሰፋል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ጭራቆቹ በዋሻው ጥልቀት መሠረት ከሠንጠረዥ በዳይስ ይወጡ ነበር፤ ወደ ታች የወረደ ሰው የባሰ አደጋ እንደሚገጥመው ያውቃል። የልምድ ነጥብ በብዛት ይገኝ የነበረው ጠላትን በመግደል ሳይሆን ሀብት ይዞ በመውጣት ስለነበር፣ ሊሸነፍ ከማይችል ጠላት መሸሽ እንደ ብልህነት ይታይ ነበር። ሚዛኑን መጠበቅ በአብዛኛው የተጫዋቾቹ ኃላፊነት ነበር ማለት ይቻላል። ለተዋጊው የተሰጠው ብልጫም ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «አድቫንስድ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተጫዋቾች መጽሐፍ ተዋጊ እጅግ ደካማ በሆኑ ጠላቶች ላይ በደረጃው ቁጥር ልክ ደጋግሞ መምታት ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ለእያንዳንዱ ጭራቅ የአስቸጋሪነት መለኪያ ሰጠ። መለኪያው 3 የሆነ ጭራቅ አራት አባላት ላሉት የ3ኛ ደረጃ ቡድን ተስማሚ ነው ተባለ። እንዲህ ያለው ፍልሚያ ከቡድኑ አቅም አንድ አምስተኛውን ያህል እንደሚወስድ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በዚህ እትም ተዋጊው ከአንድ እርምጃ በላይ ከተንቀሳቀሰ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታ በመሆኑ፣ በከፍተኛ ደረጃ ከአስማተኞች ጋር የነበረው ልዩነት እየሰፋ ሄደ። የተዋጊው ኃይል ደረጃ በደረጃ ሲጨምር የአስማተኛው ግን በድግምቱ ብዛትም በጥንካሬውም በአንድ ጊዜ ያድግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛ እትም ለዚህ የሰጠው መልስ ለየመደቡ የውጊያ ሚና መወሰን ነበር። ተዋጊው «ተከላካይ» ሆነ። የመታውን ጠላት ምልክት ያደርግበታል፤ ምልክት የተደረገበት ጠላት ሌላውን ሊመታ ቢነሣ የማጥቂያ ዕጣው በ2 ይቀንሳል፣ ከተዋጊውም ተጨማሪ ምት ሊያርፍበት ይችላል። የፍልሚያው ስሌትም ቀለለ፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በደረጃው አንድ መደበኛ ጭራቅ ይመደባል። በአንድ ምት የሚወድቁ ባለ አንድ የሕይወት ነጥብ ጭፍሮችም የገቡት በዚህ እትም ነው።

የአምስተኛው እትም ስሌት

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ በልምድ ነጥብ ላይ የተመሠረተ በጀት አቀረበ። ለአንድ የ1ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ 25 ነጥብ ቀላል፣ 50 መካከለኛ፣ 75 ከባድ፣ 100 ደግሞ ገዳይ ፍልሚያ ነው። ለ5ኛ ደረጃ ቁጥሮቹ 250፣ 500፣ 750 እና 1100 ናቸው። የቡድኑ አባላት ድርሻ ተደምሮ ከጭራቆቹ ነጥብ ጋር ይነጻጸራል።

ጠላቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ድምሩ ይባዛል፦ ሁለት ከሆኑ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ በ2፣ ከሰባት እስከ አሥር ከሆኑ በ2.5 እያለ እስከ 4 ይደርሳል። ለምሳሌ አንድ ጎብሊን 50 ነጥብ አለው። አራት ጎብሊኖች 200 ሲሆኑ በ2 ተባዝተው 400 ይሆናሉ። ይህም ለአራት የ1ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርያት ገዳይ ከሚባለው ወሰን ጋር እኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የመሪዎች መጽሐፍ ማባዣውን አስቀርቶ መጠኖቹን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በሚሉ ሦስት ደረጃዎች ከፈላቸው። በአዲሱ አቆጣጠር ለ1ኛ ደረጃ ገጸ ባሕርይ መጠኖቹ 50፣ 75 እና 100 ናቸው። በዚህም መሠረት በአሮጌው መጽሐፍ ገዳይ የነበሩት አራት ጎብሊኖች በአዲሱ ዝቅተኛ ፍልሚያ ይሆናሉ። ልዩነቱ የሚያሳየው ስሌቱ የመነሻ ግምት እንጂ የተረጋገጠ መለኪያ አለመሆኑን ነው።

ስሌቱ የማያያቸው ነገሮች

በጀቱ ደረጃን ይቆጥራል እንጂ መደብን አይለይም። አንድ ተዋጊና አንድ አስማተኛ በእኩል ደረጃ እኩል ዋጋ አላቸው። የሚከተሉት ነጥቦች በስሌቱ ውስጥ አይገቡም።

የመከላከያ ቁጥር ልዩነት። ጎብሊን የማጥቂያ ጭማሪው 4 ነው። የመከላከያ ቁጥሩ 18 የሆነውን ተዋጊ ለመምታት 14 እና ከዚያ በላይ መጣል ስላለበት ዕድሉ 35 በመቶ ነው። ቁጥሩ 12 የሆነውን አስማተኛ ግን በ65 በመቶ ይመታል። መሪው ተዋጊው አልመታ አለኝ ብሎ የጠላቱን ጭማሪ ወደ 9 ቢያሳድግ ተዋጊው በ60 በመቶ፣ አስማተኛው ግን በ90 በመቶ ይመታል። ለተዋጊው ታስቦ የተጨመረው ኃይል የሚጎዳው ሌላውን ነው።

የድርጊት ብዛት። በውጊያ ውስጥ ብዙ ተራ ያለው ወገን ብልጫ አለው። አንድ ትልቅ ጭራቅ ከአራት ገጸ ባሕርያት ጋር ሲገጥም በአንድ ዙር አራት ሰዎች ይረባረቡበታል። በአንጻሩ ተዋጊው ብቻውን በአራት ጎብሊኖች ሲከበብ፣ እርሱ አንዱን ሲመታ አራት ምት ይሰነዘርበታል። ጎብሊኖቹ በአማካይ በዙር 8 ያህል ጉዳት ስለሚያደርሱ፣ 12 የሕይወት ነጥብ ያለው ጀማሪ በሁለት ዙር ሊወድቅ ይችላል።

ዕረፍት። የ2014ቱ መጽሐፍ ቡድኑ በሁለት ረጅም ዕረፍቶች መካከል ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያዎችን፣ በመካከሉም ሁለት አጭር ዕረፍቶችን እንደሚያደርግ ይገምታል። ብዙ ቡድኖች ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይዋጋሉ። ይህ ተዋጊውን ይጎዳል። ከላይ የተጠቀሰው የ5ኛ ደረጃ ተዋጊ በአንድ የአራት ዙር ፍልሚያ፣ ተጨማሪ ድርጊቱን ጨምሮ፣ በአማካይ 70 ያህል ጉዳት ያደርሳል። በተመሳሳይ ደረጃ ያለ አስማተኛ ሁለት ጊዜ የእሳት ኳስ ቢወረውርና በእያንዳንዱ ሦስት ጠላት ቢያገኝ፣ ግማሾቹ ጉዳቱን በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ በአማካይ 126 ያደርሳል። ፍልሚያዎቹ ስድስት ሲሆኑ ግን ተዋጊው ሁለቱን አጭር ዕረፍቶች ተጠቅሞ ወደ 380 ይጠጋል፤ አስማተኛው ደግሞ ኃይለኛ ድግምቶቹን ጨርሶ በትንንሾቹ ይቀራል። ተዋጊው ደካማ መሰለ የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከቀኑ ማጠር ነው።

የመቋቋሚያ ዕጣ። ተዋጊው በጥንካሬና በጽናት ዕጣ የሠለጠነ ሲሆን በጥበብ ዕጣ ግን አይደለም። ሰውን አፍዝዞ የሚያስር ድግምት የመቋቋሚያ ወሰኑ 13 ቢሆንና የተዋጊው ጥበብ ጭማሪ ባይኖረው በ60 በመቶ ይታሰራል። የታሰረ ሰው ላይ የሚሰነዘር ምት የማረፍ ዕድሉ ያድጋል፤ ከቅርብ ያረፈ ምት ሁሉም የጉዳት ዳይሱ በእጥፍ ይጣላል። በመሆኑም አንድ ጎብሊን በተዋጊው ላይ በዙር የሚያደርሰው 2 ያህል አማካይ ጉዳት ከ5 ያልፋል። በጥሩር የማይደፈረው ሰው በአንድ ድግምት የቡድኑ ደካማ አባል ይሆናል።

ርቀት። ሰይፍ የያዘ ተዋጊ የሚበር ወይም ከገደል ማዶ የሚወረውር ጠላት ላይ አይደርስም። እንደ ሃርፒ ያሉ የሚበሩና በዜማ የሚያማልሉ ጭራቆች በነጥብ ከሚታዩት በላይ ለተዋጊው አስቸጋሪ ናቸው።

ምሳሌ፦ አንድ ተዋጊ ብቻውን

ቡድኑ ከሦስት ሰው በታች ሲሆን የ2014ቱ ሕግ ማባዣውን በአንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ የ1ኛ ደረጃ ተዋጊ ከአንድ ጎብሊን ጋር ሲገጥም ነጥቡ 75፣ ማለትም ከባድ ነው። ሁለት ጎብሊኖች ሲሆኑ 200 ይደርሳል፤ ይህ የገዳዩ ወሰን እጥፍ ነው።

ጥንካሬው 16፣ ጽናቱ 14 የሆነ፣ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ተዋጊ ይወሰድ። ጎብሊኑን በ55 በመቶ ይመታል፤ ባለ አንድ እጅ መሣሪያ ከተካነ ያረፈው ምት 7 የሕይወት ነጥብ ያለውን ጎብሊን ከስምንት ጊዜ ሰባቱን ይጥለዋል። በአጠቃላይ በአንድ ዙር አንዱን የመግደል ዕድሉ ግማሽ ገደማ ነው። ሁለቱን ለመጨረስ በአማካይ አራት ዙር ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት 12 ያህል ነው። እርሱ ደግሞ 12 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ትንፋሹን ሲሰበስብ በአማካይ 6.5 ይመልሳል። ስለዚህ አደጋው እውነተኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። በዚያው በጀት ጥሩር የሌለው አስማተኛ ከሁለት ጎብሊኖች ፊት ቢቆም ዕድሉ በጣም ያንሳል። ስሌቱ ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ነው።

የማስተካከያ ዘዴዎች

መሪዎች ተዋጊ ላለበት ቡድን ፍልሚያ ሲያዘጋጁ ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ጠላትን ከማጠንከር ይልቅ ማብዛት። የጠላቶቹ የማጥቂያ ጭማሪ ዝቅ ብሎ ቁጥራቸው ሲበዛ፣ ተዋጊው ሦስት ወይም አራቱን ይዞ መቆየት ይችላል፤ ጥሩሩም ዋጋ ያገኛል።
- ቦታን መጠቀም። ወርዱ 5 ጫማ በሆነ መተላለፊያ ውስጥ የቆመ ተዋጊ ከኋላው ያሉትን ይከልላል። በሜዳ ላይ ግን ጠላት ዞሮት ያልፋል፤ በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀደው የአጸፋ ምት ብዙዎችን አያግድም። ጎብሊኖች ደግሞ በተፈጥሮ ችሎታቸው ከአጸፋ ምት አምልጠው ማፈግፈግ ይችላሉ።
- ጠላትን መቀላቀል። ጥቂት ጠንካራ ከፊት፣ ጥቂት ቀስተኛ ከኋላ፣ አንድ ድግምተኛ በመካከል ሲኖር እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚሠራው ነገር ያገኛል።
- የጥበብ ዕጣን በልክ ማስጣል። በየፍልሚያው ማፍዘዝ ተዋጊውን ተመልካች ያደርገዋል፤ ፈጽሞ አለማፍዘዝ ደግሞ ድክመቱን ይሰርዛል።
- በማዕበል መምጣት። ጠላቶቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዙር ልዩነት ሲደርሱ፣ መሪው ሁኔታውን አይቶ ቀጣዩን ማሳነስ ወይም ማብዛት ይችላል።
- ከመግደል ውጭ ግብ ማስቀመጥ። በርን መያዝ፣ ሰውን ማሻገር፣ ድልድይ እስኪቆረጥ መቆም የተዋጊውን ጽናት በቀጥታ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።
- ቀኑን ማስረዘም። ቡድኑ እንዳሻው እንዳያርፍ የሚያስቸኩል ምክንያት ሲኖር የማያልቀው የተዋጊ ሰይፍ ዋጋው ይታያል።

በተቃራኒው የማይመከረው ተዋጊው አስቀድሞ ያገኘውን ብልጫ ማምከን ነው። ተጫዋቹ ወርቁን አጠራቅሞ ሙሉ የብረት ጥሩር በገዛ ማግስት ጠላቶች ሁሉ በዚያው ልክ መምታት ከጀመሩ ግዢው ከንቱ ይሆናል። ጥሩሩ በአንዳንድ ፍልሚያዎች መሥራቱ በግልጽ ሊታይ ይገባል።

ክርክሮች

ፍልሚያ ሁሉ መመጣጠን አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ተጫዋቾችን ይከፋፍላል። የቀድሞውን አጨዋወት የሚወዱ ወገኖች ዓለሙ ለተጫዋቾች ልክ ከተሠራ አደጋ ትርጉሙን ያጣል፣ መሸሽና መደራደርም ይረሳል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ተጫዋቹ ሊያውቀው በማይችለው ምክንያት ገጸ ባሕርዩን ማጣት እንደሌለበት ያስረዳሉ። በሁለቱም ወገን ተቀባይነት ያለው መካከለኛ ሐሳብ ከባድ ጠላት ይኑር፣ ግን አስቀድሞ ምልክቱ ይታይ የሚል ነው።

ሁለተኛው ክርክር መሪው በስውር የጣለውን ዳይስ ውጤት መለወጥ ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። ደጋፊዎቹ ስሌቱ ግምት ስለሆነ መሪው ስሕተቱን ማረም መቻል አለበት ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ተጫዋቾች ይህን ካወቁ ድሉም ሽንፈቱም የእነርሱ መሆኑ ይቀራል ብለው ይከራከራሉ። ለተዋጊው ጉዳዩ ይብሳል፤ የመደቡ መመኪያ በዳይስ የሚለካ ጥሩርና ሰይፍ ነውና።

በሌሎች ጨዋታዎች

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም ጥብቅ ስሌት በመጠቀም ይታወቃል። ለአራት ገጸ ባሕርያት መካከለኛ ፍልሚያ 80፣ ከባድ 120፣ እጅግ ከባድ 160 ነጥብ ነው፤ ከቡድኑ ጋር እኩል ደረጃ ያለው አንድ ጭራቅ 40 ነጥብ ያወጣል። በዚህ ጨዋታ ተዋጊው ከ1ኛ ደረጃ ጀምሮ በመሣሪያ አጠቃቀም ከአብዛኞቹ መደቦች የ2 ነጥብ ብልጫ አለው። የመከላከያ ቁጥሩን በ10 የበለጠ ዕጣ ጉዳቱን ስለሚያጥፍ፣ ይህ ትንሽ የሚመስል ብልጫ ተዋጊውን ከጨዋታው ዋና አጥቂዎች አንዱ አድርጎታል። የጠላት ደረጃ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ይኸው ብልጫ ስለሚቀንስ፣ ተዋጊው በብዙ ደካማ ጠላቶች መካከል ይበልጥ ይደምቃል።